የዘነዘናው ሽብልቅ

እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሽፈራው የሚለውን ስም ከአፏ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሐኪም ቤት ካርድ ስታወጣለት። ያን ጊዜም የሰው ዕቃ እንደምትሰርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ቤታችን ውስጥ አባቴ «እሱ» ነበር። «እሱ ሳይመጣ ራት አይቀርብም።» «ቀስ በይ፣ እሱ ተኝቷል።» «ይሄን እሱ አይወደውም።» ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ «እሱ» ማለት ለእኔ ማንኛውም ወንድ ወይም ማንኛውም ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ሱሪውን የብስክሌት ሰንሰለት እንዳይበላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የሚይዝ ሰው።

የዚያ ዓመት ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

የምንኖረው ሀዋሳ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ሰፈር ውስጥ ነው። ከመኝታ ቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች የተከሉት። ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይጠርገዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አናቱ ላይ ቆመው ከዓሣ ገበያው የለቀሙትን አጥንት ይጥሉብናል። በዛፉ የሚጨነቅ ሰው ግን አልነበረም። በሁሉም ነገር የምትጨነቀው እናቴ እንኳ «ቋ ሲል ከሰማን ሮጦ መውጣት ነው» ብላ ትተወው ነበር።

ግንቦት ላይ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተምሬ ስመለስ ከጓሮ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይቶ የሚኖረው ጋሽ ተክሌ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ አናጢ ነው። አንድ ነገር ጉቶ ላይ አጋድሞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ ይቆርጣል። ጠጋ ብዬ ሳይ የእናቴ ዘነዘና ነው።

«የእማዬ እኮ ነው!» አልኩት።

«ተሰብሮ ነው» አለ ቀና ሳይል።

«አልተሰበረም። ጠዋት በርበሬ ስትወቅጥበት ነበር።»

መጋዙን አንድ ጊዜ ሳበና ለሁለት አደረገው። «እንግዲያው አሁን ተሰበረ። አንቺ ልጅ መርማሪ ፖሊስ ነው የምትሆኚው።»

ዞር ስል እናቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ዘነዘናዋ ሲቆረጥ እያየች ምንም አላለችም። የሻይ ብርጭቆ ስሰብር ሰፈር የሚሰማው እሪታ የምታሰማው እናቴ፣ ከእናቷ የወረሰችው ዘነዘና ሲቆረጥ ዝም አለች። ያኔ ነው የመጀመሪያው ጥርጣሬ የገባኝ።

ያን ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ። ዘነዘናው ወይራ ነው፤ ስንት ዓመት በእጅና በበርበሬ የጠቆረ። ስንዝር ተኩል፣ ስንዝር ተኩል አድርጎ ሁለት ቁራጭ አወጣለት። ከዚያ አንድ በአንድ ጉቶው ላይ እያቆመ በመጥረቢያ ከሁለት ጎን ጠረባቸው፤ ራሳቸው የቡጢ ያህል ወፍራም፣ ጫፋቸው እንደ ምላስ ስስ እስኪሆን ድረስ። በኋላ መጥረቢያውን አስቀምጦ በመላጊያ ላጣቸው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሬ ላይ ሲወድቅ የበርበሬ ሽታ ነበረው። ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ።

«ለምንድን ነው እንዲህ ቀስ እያልክ የምታቀጥነው?»

«ቶሎ የሚወፍር ከሆነ ይተፋዋል።»

«ማን?»

«የሚገባበት ነዋ።»

የወፍራም ራሳቸውን ጠርዝ ዙሪያውን በመሮ ሸረፈው። እንዲህ ካልተደረገ ሲመታ ይሰነጠቃል አለኝ። ጎናቸውን ግን ሆን ብሎ ሳያለሰልስ አመድ ቀባው፣ እንዳይንሸራተት። በመጨረሻ ሁለቱንም ከወገቡ ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ጣላቸውና ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ።

«ውስጡ የተጎዳ እንጨት እንዲህ አይጮህም» አለ። «ከላይ አይታይም እንጂ ድምፁ ያሳብቅበታል።»

«ስሙ ምንድን ነው?»

«ሽብልቅ።»

«ምን ያደርጋል?»

«እምቢ ያለውን እሺ ያሰኛል።»

«ተክሌ!» አለች እናቴ ከበሩ። «ከእሷ ጋር ብዙ አታውራ። አንቺ ደግሞ ይሄን ለእሱ እንዳትነግሪ። ሰማሽ?»

ማታ ራት ላይ አባቴ ሙቀጫው ባዶውን መቆሙን አይቶ ዘነዘናው የት ሄደ ሲል ጠየቀ። «ተሰበረ» አለች እናቴ፤ የተጠረገውን ትሪ እንደገና ጠረገችው። ስትዋሽ አይቻት አላውቅም ነበር። አባቴ የጨጓራ ነው ተብሎ የተሰጠውን ነጭ ኪኒን በውኃ ዋጠ። እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ ትሪውን አየች።

በማግሥቱ ሲስተር ታቢታ መጣች። ጎረቤታችን ናት፣ ነርስ፣ ቡሹሎ ገጠር ተወልዳ ያደገች። መርፌዋን ስለምንፈራ የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ ስናያት እንበተን ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ምስር እለቅም ነበር። እነሱ ሦስቱ፣ እናቴ፣ ሲስተር ታቢታና ጋሽ ተክሌ፣ ከኩሽናው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የጭቃው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ስለነበር አጠገቤ ያሉ ያህል ነው የሚሰማኝ።

«ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም» አለች ሲስተር ታቢታ። «ውስጡን ግን በልቶታል። ጨርሶታል በይው።»

«ስንት ይቆያል?» አለች እናቴ።

«ክረምቱን ካለፈ ተመስገን ነው።»

አንድ አባ ኮዳ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ብሎ ሲራመድ ይሰማኝ ነበር።

«እንግዲያው መጠበቅ የለብንም እትዬ» አለ ጋሽ ተክሌ። «ቅዳሜ እንጣለው።»

«እሱ ግን ማወቅ የለበትም» አለች እናቴ። «ምንም ነገር ማወቅ የለበትም።»

«በምን ያውቃል? ያለቀ ነገር ላይ ነው የሚደርሰው።»

«ቤቱ ላይ ቢወድቅብኝስ?»

«አይወድቅም። አያያዙ ወደ ቤቱ ስለሆነ አይደል ሽብልቅ ያስፈለገን? ከኋላው አስገብቼ ሁለቴ ሦስቴ ካቀመስኩት ወደምፈልገው ይሄዳል። ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ሔኖክን አመጣለሁ።»

«ሰው ሳያይ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

«ሰውማ ያያል። ብቻ ቀበሌ ጆሮ እንዳይደርስ።»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው መሰለኝ፣ ድምፁ የታፈነ ነበር። የያዝኩት ምስር በጣቶቼ መሐል አልፎ ወደ ሰፌዱ ተመልሶ ፈሰሰ።

ይህን ታሪክ ለባሌ የነገርኩት የተጋባን ሰሞን ነው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ያስቃል። ሦስት አዋቂዎች ተቀምጠው ስለ አንድ ባሕር ዛፍ ሲያወሩ እኔ ግድግዳ ተደግፌ የአባቴን ግድያ እሰማለሁ። ብዙ ዓመት እንደ ቀልድ አወራሁት። ከዚያ ቀን የተረፈኝ፣ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ክፉ ነገር የመጠርጠር ልማድ ብቻ ነው። አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ልጄ ያሬድ ከትምህርት ቤት የሚመጣበት ባጃጅ አሥር ደቂቃ ከዘገየ፣ በሐሳቤ የከተማውን ሐኪም ቤቶች አንድ በአንድ አዳርሼ ስጨርስ ነው በሩ የሚንኳኳው።

ያኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

የማየው ነገር ሁሉ ጥርጣሬዬን ያጠነክረው ነበር። በዓል ሳይሆን ዶሮ ታረደ። እናቴ መላላጫውን ለእሱ፣ እንቁላሉን ለእሱ፣ መረቁን ለእሱ። «ብላ እንጂ፣ ጨምር» ትለዋለች። ለፋሲካ የተገዛውን በግ አውቀዋለሁ፤ እኛም እስከ ዋዜማው ድረስ እንዲሁ ነበር «ብላ፣ ብላ» የምንለው። አንድ ቀን እንዲያውም ከእሱ በፊት ከሳህኑ ጎርሼ፣ እስካሁን አልሞትኩም ብዬ ትንሽ ከጠበቅሁ በኋላ ነው እንዲበላ የፈቀድኩለት።

«ዘበኛዬ» አለኝ እየሳቀ። «ምን ሆነሻል? ጥላዬ ሆንሽ እኮ።»

«ምንም።»

ከሥራ ሲመለስ ከበሩ ውጭ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ድሮ ከመታጠፊያው ጀምሮ ደወሉን እያቃጨለ ይመጣ ነበር። ያን ሰሞን ግን ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ነው የሚመጣው። «ጎማው ተንፍሶ ነው» አለኝ። ጎማውን ተጫንኩት፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። እሱም ዋሸኝ ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልጠረጠርኩም፤ ጥርጣሬዬ ሁሉ ወደ እናቴ ነበር የዞረው።

«አባዬ፣ ሰውን መጣል ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«በትግል ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ።»

«እንዲሁ ሰው አይጥሉም» አለኝና የተማሪዎቹን ደብተር ማረሙን ቀጠለ። እናቴ በመጋረጃው ክፍተት ታየን ነበር። ሌላውን ዋጥኩት።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ተክሌ ሳይመጣ ክፍሉ ደጃፍ ላይ የነበረውን ጆንያ ፈታሁ። ሁለቱ ሽብልቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሁለቱንም ልወስድ አስቤ ነበር፤ ቦርሳዬ ግን ከአንድ በላይ አልያዘም። አንዱን በሒሳብ ደብተሬና በአካባቢ ሳይንስ ደብተሬ መሐል ከተትኩት። ያን ቀን ቦርሳዬን ተንተርሼ ነው የተኛሁት። እናቴ ስትስመኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

ቅዳሜ አባቴ ፈተና ሊቆጣጠር ሄደ። «እስከ ስምንት ሰዓት አይመጣም» አለች እናቴ ለጋሽ ተክሌ፤ ብስክሌቱ ከዓይን እንደጠፋ። ሔኖክ የሚባለው ባልደረባው የሁለት ሰው መጋዝ ተሸክሞ መጣ። እኔን በሩ አካባቢ እንድቀመጥ አዘዙኝ።

ሄደው ዛፉ ሥር ሲቆሙ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዛፍ ነው የሚቆርጡት! ጋሽ ተክሌ በጎመኑ መደብ በኩል፣ እንዲወድቅ በሚፈልግበት በኩል፣ በመጥረቢያ አፍ ከፈተለት። ከዚያ በቤቱ በኩል ተንበርክከው መጋዙን ይስቡ ጀመር፤ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደ ሔኖክ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው የባሕር ዛፍ ሽታ ግቢውን ሞላው። ልቤ ቀለለኝ። ቦርሳዬን አቅፌ ፈገግ አልኩ።

«በል ሽብልቅ አቀብለኝ» አለ ጋሽ ተክሌ። አንዱን ከመጋዙ ኋላ አስገብቶ በእንጨት መዶሻ መታው። «ሁለተኛውን።»

«የለም» አለ ሔኖክ።

«እንዴት የለም? ሁለት ናቸው! ጆንያው ውስጥ እይ።»

«አየሁ እኮ። አንድ ነው።»

«አንዱ ሲመታ አንዱ ካልያዘው እኮ...» ብሎ ሳይጨርስ ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠና ወደ ቤቱ በኩል ቁጭ አለ። መጋዙን ነክሶ ያዘው። ቢስቡት ቢገፉት አልንቀሳቀስ አለ። የእናቴ መዳፎች ራሷ ላይ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጋሽ ተክሌ ፍልጥ እየቀረጸ ሊያስገባ ሞከረ፤ ያገኘው እርጥብ እንጨት ብቻ ነበርና ሲመታ ተጨፈለቀ። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። የዛፉ ጫፍ ላይ ቅጠሎቹ መዞር ጀመሩ።

«ነፋሱ ሊነሳ ነው!» አለች እናቴ። «ተክሌ፣ እሱም ሊመጣ ነው!»

እዚህ ላይ ነው የልጅነት ጭንቅላቴ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ዛፍ እንጂ ሰው የሚጥል እንደሌለ በዓይኔ አይቼ፣ ደህና አርፌ ሳለ፣ «እሱም ሊመጣ ነው» የሚለውን ስሰማ ሁሉም ነገር እንደገና ተገጣጠመልኝ። ዛፉን ግማሽ ቆርጠው ያቆሙት ለካ እስኪመጣ ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሊለቁበት ነው።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ሮጥኩ።

አስፋልቱ ዳር፣ ከመታጠፊያው በፊት አገኘሁት። ብስክሌቱን እየገፋ ነበር። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል።

«አትግባ!» አልኩት እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ። «አባዬ ቤት አትግባ። ሊጥሉህ ነው።»

«እነማን?»

«እማዬና ጋሽ ተክሌ። ሲስተር ታቢታም አለችበት።» ሽብልቁን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «በዚህ ነው። ይኸው ሰረቅሁባቸው።»

ሳቀ። ብስክሌቱን አቁሞ የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ አስቀመጠኝ። «በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

የማባዛት ጎበዝ ነበርኩ። ቃል በቃል ነገርኩት። «ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ውስጡን ግን በልቶታል። ጨርሶታል በይው። ስንት ይቆያል? ክረምቱን ካለፈ ተመስገን ነው።»

ሳቁ አልጠፋም። ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ እንጂ፣ ተነስቶ የሄደ ሰው ወንበር ላይ የረሳው ኮት ይመስል።

«ይሄን ያለው ተክሌ ነው?»

«አይደለም። ሲስተር ታቢታ ናት። ጋሽ ተክሌ ‹ቅዳሜ እንጣለው› ነው ያለው።»

«እናትሽስ?»

«‹እሱ ግን ማወቅ የለበትም› አለች። ከዚያ አለቀሰች።»

አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እያሰማ አለፈና አቧራ አለበሰን። አባቴ አቧራውን ከፊቱ አላራገፈም። ሽብልቁን ተቀብሎኝ አገላበጠው፤ የእናቴን ዘነዘና በቀለሙ ያወቀው ይመስለኛል። ከዚያ ከቦዩ ድንጋይ ጋር ቀስ አድርጎ አጋጨው። ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ይሄስ ደህና ነው» አለ።

ጠበቅሁ። የሽብልቁን ስስ ጫፍ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ቆየ።

«ፍሬ» አለኝ በመጨረሻ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «ስለ ዛፉ ነው እኮ።»

«የቱ ዛፍ?»

«የእኛው ባሕር ዛፍ። ምስጥ ውስጡን በልቶታል። ሲስተር ታቢታ የገበሬ ልጅ ናት፤ ዛፍ ታውቃለች።»

«‹እሱ› ነው እኮ ያሉት!»

«ዛፍም ‹እሱ› ይባላላ! እኔ ብቻዬን ‹እሱ› የሆንኩት እኛ ቤት ነው።» አፍንጫዬን በመሐረቡ ጠረገልኝ። «እናትሽ ማወቅ የለበትም ያለችው እንዳልጨነቅ ብላ ነው። ስለዚህ አሁን የነገርሽኝን አንድም ቃል ለእሷ አትነግሪም። ክፍል ውስጥ ምን እላችኋለሁ? መልሱን ያገኘ...»

«ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ሌላው ራሱ ያግኘው።»

«ጎበዝ።»

ለመነሳት በብስክሌቱ ተደገፈ። እኔን አኮርቻው ላይ አስቀምጦ እየገፋኝ ገባን።

እናቴ ስታየው እጇ ላይ የነበረውን ጆግ ጣለች። «ዛሬ... ቶሎ መጣህ።»

«ፈተናው አለቀ» አለ። ወደ ዛፉ ሄዶ የተቆረጠው ቦታ አጠገብ ጎንበስ አለ። እኔም ከጎኑ ሆኜ አየሁት። ውስጡ እንደ ትኩስ ሥጋ ቀይ ነበር፣ ርጥብ፣ ምስጥ ያልነካው፣ ቀዳዳ የሌለው።

«በስብሶ ነው እኮ» አለች እናቴ ከኋላችን፤ ቃሉ ቃሉን እየገፋው። «ተክሌ አይቶት... ልቡ በስብሷል ሲለኝ... አንተን ላለማስቸገር ብዬ ነው።»

አባቴ መዳፉን ቀዩ እንጨት ላይ አደረገ። ጋሽ ተክሌ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«አዎ፣ በስብሷል» አለ አባቴ። «ይታያል። ደግ አደረግሽ።» ሽብልቁን ለጋሽ ተክሌ ሰጠው። «ልጅቷ ለእጅ ሥራ ወስዳው ነው። አትቆጣት። በል ነፋሱ ሳይመጣ ጨርሱ።»

ከወንድሙ ሽብልቅ አጠገብ አስገቡት። አንዱን ይመታል፣ ሌላውን ይመታል፤ አንዱን ይመታል፣ ሌላውን ይመታል። ስንጥቁ እንደ ከንፈር እየተከፈተ መጋዙን ለቀቀ። ዛፉ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ሲያስቡት እንደቆዩ ሁሉ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ጎመኑ ሄደ። መሬቱ እግሬ ሥር ዘለለ። አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን እያራገቡ ወደ ሐይቁ ሄዱ። መኝታ ቤታችን ላይ አይቼው የማላውቀው ፀሐይ ወደቀበት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗ ያየውን ትታ አባቷ ያለውን ታምናለች። በስብሷል ካለ በስብሷል። ቀዩን እንጨት ረሳሁት።

ያን ክረምት አባቴ ሥራ አላጣም ነበር። ጥንካሬ ባለው ቀን ሁሉ አንድ ነገር ያስተካክላል። የጣሪያውን ቀዳዳ በጋሽ ተክሌ አስደፈነ። ብስክሌቱን አኮርቻውን ዝቅ አድርጎ መንዳት አስተማረኝ። ከፍ ብሎ የተሠራውን የኩሽና መደርደሪያ አስወረደ። አንድ ጠዋት የልብስ ማስጫውን ሽቦ ፈትቶ ከእሱ ደረት እኩል አሰረው፤ ረጅም ስለሆነ ድሮ ከራሱ በላይ ነበር፣ እናቴ በእግሯ ጣት ቆማ ነበር የምታሰጣው። «ተሳስተሃል፣ ዝቅ አለ» ብዬ ሳቅሁበት። ጳጉሜ ሁለት ቀን ሞተ።

ባለፈው ወር እናቴ የዛፉን ጉቶ አስነስቼ የውኃ ታንከር ላስቀምጥ ብላ ሁለት የቀን ሠራተኞች አመጣች። እኔም ልጆቹን ይዤ መጥቼ ነበር። ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጠው የአንድ ክንድ ያህል አላነሱለትም። አንደኛው ላቡን እየጠረገ «እናት፣ ይሄን ዛፍ ምን አግኝቶት ነው የጣሉት?» አላት። «ልቡ እስከ ዛሬ ብረት ነው እኮ!»

«ምንም አላገኘውም ነበር» አለች እናቴ።

ልብስ እያጠብን ነበር። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቆመ።

«በስብሷል አላላችሁም?» አልኳት።

«ውሸቴን ነው።» አንገቷን ሳታቀና ነው የነገረችኝ። «እሱ ያኔ ጉበቱ ነበር። ጨጓራ ነው ብለን ነው የደበቅነው፤ ዘነዘናው ከመቆረጡ በፊት ውጤቱን ያነበበችልኝ ታቢታ ናት። ዛፉ ስንት ዓመት አዘንብሎ ኖሮ ግድ ሳይሰጠኝ፣ ከዚያን ቀን ማታ ጀምሮ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልነሳ አለ። ነፋስ ቢጥለው እኔና አንቺ ሮጠን እንወጣለን። እሱ ግን ከአልጋ መነሳት የሚያቅተው ቀን እየመጣ ነው። ለምን ዛሬ ቆረጣችሁት ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው? በስብሷል አልኩት።»

ምስሩ እንደገና በጣቶቼ መሐል ሲፈስ ተሰማኝ። ከኩሽናው ጀርባ ከተባለው የቱ ስለ ማን እንደሆነ መለየት ጀመርኩ። ቅዳሜ እንጣለው፣ ዛፉ። ቤቱ ላይ ቢወድቅብኝስ፣ ዛፉ። ውስጡን በልቶታል። ክረምቱን ካለፈ። ቦዩ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሳቅ አየሁት። የሞቱን ወሬ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

«አንድ የምጽናናበት ነገር ቢኖር» አለች እናቴ፣ «ሳያውቅ መሄዱ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ተስፋ ነበረው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደክሟል፤ አስተያየቷ ግን ዘነዘናው ተሰበረ ብላ ትሪ ስትጠርግ የነበራት አስተያየት ነበር። «አንቺ ያን ቀን ኩሽና ነበርሽ። ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር። ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «ስለ ዛፉ መስሎኝ ነበር።»

አንሶላውን ከሳፋው አንስታ ጨመቀችና ወደ ሽቦው ሄደች። ዕድሜ አሳጥሯታል፤ ሽቦው አሁን ልክ ከግንባሯ እኩል ነው። በአንድ እጇ ያዘችው።

«ይሄን እሱ ነው ዝቅ ያደረገው» አለች። «ያን ክረምት። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

እያየችኝ ነበር። ከጉቶው በኩል የመጥረቢያው ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል።

«ያንን ጫፍ ያዢልኝ እማዬ» አልኳት። አንሶላውን በመሐላችን ዘረጋነው።